320 ክር፣ ሲሚንቶ ወለል ላይ

የመጀመሪያ ሽመናዬን ድር፣ ማለትም በቁመት የሚወጠረውን ክር፣ ከችካሉ ላይ ያነሣሁ ዕለት የሚያስተምሩኝ ጎረቤቴ ሸማኔው ጋሼ ለቅሶ ሄደው ነበር። ቢኖሩ ኖሮ እጄን ይይዙኝ ነበር። ግማሽ ቀን ሙሉ ግቢ ውስጥ ወዲያና ወዲህ እየተመላለስኩ ያደራሁት 320 ክር ነው፣ እያንዳንዱ 3 ሜትር። የታጠበ ልብስ ከገመድ ላይ እንደማወርድ ሰብሰብ አደረግኩትና ቤት አስገባሁት። ሲሚንቶው ላይ ሳስቀምጠው ላላ አለ፤ ላስተካክለው ስጎትተው ጠበቀ። ጠፍቶ የነበረው መብራት ማታ ሲመጣ ያየሁት ድር አልነበረም፣ የወፍ ጎጆ ነበር።

እኔ ሸማኔ አይደለሁም። በ2008 በተመረቀው የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ የሸሚዝ ኮሌታ ሰፊ ነበርኩ። ዓመታት ሙሉ ኮሌታ፣ ኮሌታ፣ ኮሌታ። ጨርቁ በጥቅል ይመጣል፣ ሸሚዙ በካርቶን ይወጣል፤ መካከል ላይ እኔ አለሁ። ያ ጨርቅ ጨርቅ ከመሆኑ በፊት ምን እንደነበረ አንድ ቀን እንኳ ጠይቄ አላውቅም። በ2014 አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ፣ ከቀረጥ ነፃ የገበያ ዕድሏ፣ ስታስወጣ እኔ የምሠራበት ሼድ ሥራ ቀነሰ፤ ከተቀነሱት አንዷ ሆንኩ። ቤት ስውል ነው ከአጥራችን ማዶ ቀኑን ሙሉ የሚሰማውን ድምፅ ልብ ብዬ የሰማሁት፦ ጠቅ፣ ጠቅ፣ ዷ።

ጋሼ የጨንቻ ሰው ናቸው። ጋቢና ነጠላ ይሠራሉ፤ አንዳንዴም ቀይ፣ ቢጫና ጥቁር የሆነውን የዱንጉዛ ጨርቅ። አስተምሩኝ ስላቸው መወርወሪያውን እንኳ አላቆሙም። «ፈትል ካለሽ አምጪ፣ እሠራልሻለሁ።» በእሳቸው አገር ልማድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሠራል፤ ነገሩ ያለቀ ነው። ሦስት ቀን እየሄድኩ እግራቸውን ከተው ከሚሠሩበት ጉድጓድ አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። በአራተኛው ቀን ቀሰም (ክር የሚጠመጠምበት) እና ፈትል ወረወሩልኝና «ቁጭ ካልሽ አይቀር ይህን ደውሪ» አሉኝ። ወር ያህል ማግ፣ ማለትም በድሩ መካከል በአግድም የሚወረወረውን ክር፣ ከመደወር በቀር ምንም አላስነኩኝም። ያኔ ተናድጄ ነበር። አሁን ሳስበው ክር ሲላላና ሲጠብቅ ጣቴ የሚያውቀው ያን ወር ስለደወርኩ ነው።

እናቴ ግን እስከ ዛሬ ሙሉ በሙሉ አልተዋጠላትም። እሷ ራሷ ዕድሜዋን ሙሉ እንዝርት ከእጇ አልተለየም፤ መፍተል ወግ ነው፣ ሸማ መሥራት ግን ሌላ። «ደግሞ ቁጢት በጣሽ ልትባዪ ነው?» አለችኝ በስልክ፤ የሸማኔ ስድብ ነው። ምኒልክ ባለሙያን በሥራው መስደብ ይቅር ብለው ያወጁት በ1900 ዓ.ም. ነው። አዋጁ እናቴ ዘንድ ገና አልደረሰም።

የመጀመሪያው ችግር ቤቱ ነበር። የጋሼ መሥሪያ መሬት ላይ ተቆፍሮ እግር የሚገባበት ጉድጓድ አለው። የእኔ ቤት የኪራይ፣ ወለሉም ሲሚንቶ ነው፤ ልቆፍር ብል አከራዬ ከነድሬ ታስወጣኛለች። አናጢ ጋ ሄጄ ከወገብ በላይ የሚደርስ የእንጨት ቋሚና መቀመጫ አሠራሁ፤ እግሬ በመርገጫዎቹ ላይ ተንጠልጥሎ ይሠራል። በደንብ የሠራ መሰለኝ። ጥር ላይ ግን ድሩ ይበጠስ ጀመር። አንድ እቋጥራለሁ፣ ሁለት ይበጠሳል። ጋሼ መጥተው አዩና ክሩን ሳይሆን ወለሉን ነኩት። «ደረቅ ነው።» ለካ ጉድጓዱ ለእግር ማስገቢያ ብቻ አይደለም፤ ከአፈሩ የሚወጣው እርጥበት ከሥር ድሩን ያለሰልሰዋል። የጥጥ ክር እርጥበት ሲያገኝ ይጠነክራል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። ከዚያ ወዲህ በበጋ ከድሩ ሥር እርጥብ ጆንያ አነጥፋለሁ፣ ቀትር ላይ አልሠራም፣ የሐይቁ ነፋስ በመስኮት የሚገባበትን ጠዋትና ማታ እመርጣለሁ። ድሩን ከመወጠሬ በፊትም በቀጭኑ የተበጠበጠ የስንዴ ዱቄት ሙቅ አስነካዋለሁ፤ የክሩን ጭገር ያስተኛዋል። መጀመሪያ ቀን እንደ ገንፎ አወፈርኩት። ክሩ እርስ በርሱ ተጣበቀ፣ ሌሊት ደግሞ አይጥ ቀመሰው።

ወደ 320ው ልመለስ። ይህን ቁጥር ከሜዳ አላመጣሁትም፤ ኮሌታ ቤት የተማርኩት ነገር ቢኖር ሳይለኩ አለመቁረጥ ነው። ክሩን ማስመሪያ ላይ ጎን ለጎን ሳይደራረብ ጠመጠምኩት፤ በ2 ሴንቲ ሜትር ውስጥ 32 ዙር ገባ፣ ማለትም በአንድ ሴንቲ 16። ለተራው አንድ ለአንድ አሠራር የዚህ ግማሽ ይበቃል፣ ምክንያቱም በየሁለቱ የድር ክር መካከል ማጉ የሚገባበት ቦታ ያስፈልጋል። በሴንቲ 8 ክር ሆነ። የፈለግኩት 40 ሴንቲ የሚሰፋ የአንገት ልብስ ነበር፤ 8 በ40 ሲባዛ 320። ርዝመቱ ተሠርቶ ሲያልቅ 180 ሴንቲ እንዲሆን አስቤ፣ ለሚሸበሸበውና ሲታጠብ ለሚያጥረው 18፣ ለሁለቱ ዳር ዘርፍ 30፣ መሥሪያው ላይ ታስሮ ለሚቀረው 60 ጨመርኩበት። 288 መጣ፣ 3 ሜትር አልኩት። ለድሩ ብቻ 960 ሜትር ክር ማለት ነው። ጋሼ ይህን ሁሉ በክንድና በስንዝር ያደርሱታል፤ ደብተሬን አይተው «ሱቅ ልትከፍቺ ነው?» አሉኝ።

ሒሳቡ ልክ ነበር። የጠፋኝ የማላየው ነገር ነው። ክር ሲደራ በአንደኛው ጫፍ ሁለት ችካል ተቀራርበው ይተከላሉ። ስሄድ ክሩ ከአንደኛው በስተቀኝ፣ ከሁለተኛው በስተግራ ያልፋል፤ ስመለስ በተቃራኒው። በሁለቱ መካከል ክሩ ይተላለፋል፣ ስምንት ቁጥር ይሠራል። እኔ ይህን የማደርገው ጋሼ ስላደረጉት ብቻ ነበር፤ ጌጥ መስሎኝ ነበር ልበል? ለካ የትኛው ክር ከየትኛው ቀጥሎ እንደመጣ የሚያስታውሰው ያ መተላለፊያ ብቻ ነው። ችካሉ ከመነቀሉ በፊት ከመተላለፊያው ወዲህና ወዲያ ጠበቅ ባለ ገመድ ካልታሰረ፣ 320 ክር 320 ወሬ ነው፤ የቱ ቀድሞ የቱ እንደተከተለ የሚነግርሽ የለም።

ጋሼ ከለቅሶ ሲመለሱ ጎጆዬን አሳየኋቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ቁጢጥ ብለው ሁለት ጣታቸውን እክሩ ውስጥ ከተው ቆዩና «የት አለ?» አሉ። ምኑ እንደሆነ አልነገሩኝም፣ ግን ገባኝ። ሦስት ማታ ከአከራዬ ልጅ ጋር ስንፈታ ቆይተን ከ320ው 140 ያህሉን አዳንን። ሌላውን ቆረጥኩት። ቁርጥራጩን ትራስ ውስጥ ከትቼዋለሁ፣ እስካሁን እተኛበታለሁ።

በ140 ክር ምን ይሠራል? ከ18 ሴንቲ የማይበልጥ ጠባብ ጨርቅ። እሱን ግን ሠራሁት፣ ብዙ የተማርኩትም በእሱ ነው። ሁለት ስንዝር እንደሄድኩ ጨርቁ ወደ ውስጥ እየገባ መሐሉ እንደ ተርብ ወገብ ቀጠነ። ማጉን በወረወርኩ ቁጥር ዳሩ እንዲያምር ብዬ ጠበቅ አድርጌ እጎትተው ነበር። ጋሼ መጥተው ማጉን በእጃቸው ይዘው እንደ ደጋን ጎበጥ አደረጉትና፣ ያኔ መቱት። ማጉ በእያንዳንዱ የድር ክር ላይና ሥር ስለሚጠማዘዝ ቀጥ ብሎ ከገባ ክር ያንሰዋል፤ የሚያንሰውን ደግሞ ከዳሩ ይጎትታል። ጎበጥ ብሎ ሲገባ ትርፍ ይኖረዋል። ይህን ባወቅኩ ሰዓት ዳሩ ተስተካከለ። ቀጥ ያለው ግን ከመሐል ጀምሮ ስለሆነ ጨርቁ እስከ ዛሬ አንዱ ጫፉ ወፍራም፣ መሐሉ ቀጭን ነው። ምጣድ ማንሻ አድርጌዋለሁ።

ሁለተኛውን ድር ሳደራ መተላለፊያውን በቀይ ክር አሰርኩት፤ ከነጩ እንዲለይ። በየግማሽ ሜትሩም ላላ አድርጌ አሰርኩ። ከዚያ 320ውን አንድ በአንድ ድሩን ከፍ ዝቅ በሚያደርገው ማንሻ ቀለበትና በማበጠሪያው ጥርስ ውስጥ አሳለፍኩ። (ክሩን የሚለያየውንና ማጉን የሚመታውን ማበጠሪያ የምለው እኔ ነኝ፤ ጋሼ በጋሞኛ ነው የሚጠሩት።) ሁለት ቀን ፈጀብኝ። አንድ ክር ጥርስ ዘልላ ገብታ ኖሮ፣ መሥራት ስጀምር ከላይ እስከ ታች የምትወርድ ክፍት መስመር ታየችኝ። ማግ ብሳሳት መልሼ እፈታዋለሁ፣ የደቂቃ ሥራ ነው። ይህችን መስመር ለማጥፋት ግን ከዚያች ክር እስከ ዳሩ ያለውን 90 ክር መዝዤ አውጥቼ እንደገና ማሳለፍ ነበረብኝ። አከራዬ «ማን ያየዋል?» አለችኝ። ፋብሪካ ብሆን የጥራት ተቆጣጣሪዋ ታየው ነበር። መዘዝኩት።

ማጉን ከእናቴ ፈትል አደረግኩት፤ ድሩ የፋብሪካ ነው፣ ጉተታውን የሚችለው እሱ ነው። በሁለቱ ጫፍ ጥለት ላስገባ ብዬ የሂሳብ ደብተር ላይ ካሬ እየቀለምኩ አልማዝ ሠራሁ። ጥለት ሲገባ የድሩን ክር በጣት እየቆጠርኩ አነሣለሁ፣ ባለቀለሙን ክር በዚያ ቦታ ብቻ አሳልፋለሁ፣ ከዚያ ዋናውን ጨርቅ የሚያስረውን ነጭ ማግ ከዳር እስከ ዳር እወረውራለሁ። ነጩን በረሳሁ ቁጥር ቀለሙ ሳይያዝ እንደ ፀጉር ተንጠለጠለ። አልማዜም ደብተሩ ላይ ድንቡሽቡሽ ያለ ነበር፣ ጨርቁ ላይ እንደ ጦር ረዘመ። በየረድፉ መካከል ነጭ ማግ ስለሚገባ ቁመቱ እጥፍ ይሆናል፤ ስለዚህ ለአንድ ካሬ አንድ ሳይሆን ሁለት የድር ክር ማንሣት ነበረብኝ። ሁለተኛው ጫፍ ላይ አስተካከልኩት። የመጀመሪያው ጫፍ ጦር ሆኖ ቀረ፤ ሰው ሆን ብዬ ያደረግኩት ይመስለዋል፣ እኔም አላርምም።

ከዚያ አጠብኩት። ቀዩ ለቀቀ። ከገበያ የገዛሁት ክር ነው፣ ሻጩ «አይለቅም» ብሎ ምሎልኝ ነበር። ነጩ ጽጌረዳ የፈሰሰበት መሰለ። አሁን ማንኛውንም ቀለም ከማስገባቴ በፊት አንድ ክንድ ቆርጬ አርሼ በሁለት ነጭ ጨርቅ መካከል በካውያ እተኩሰዋለሁ፤ ነጩ ላይ ትንሽ እንኳ ከታየ አልጠቀምበትም። ስፋቱ 40 የነበረው ከመሥሪያው ሲወርድ 37፣ ሲታጠብ 35 ሆነ። ይህንም ደብተሩ ላይ ጽፌዋለሁ፣ ለሚቀጥለው ከ40 ሳይሆን ከ45 ሴንቲ እነሣለሁ።

ጽጌረዳ የመሰለውን የአንገት ልብስ ለእናቴ ላክሁላት፣ ሌላ የምልከው ስላልነበረኝ። ስለ ቀለሙ ምንም አላለችም። የራሷን ፈትል ግን በጣቷ አውቃዋለች። ባለፈው ሳምንት በመናኸሪያ በኩል አንድ ማዳበሪያ ሙሉ ፈትል መጣልኝ፤ «ለአባትሽ ጋቢ ይሁን» የሚል መልእክት ተከትሎት። ጋቢ አራት ድርብ ነው፣ የእኔ ማበጠሪያ ደግሞ 60 ሴንቲ ብቻ። ማታ ደብተሬን አውጥቼ ስቆጥር አመሸሁ። ጎን ለጎን ማያያዝ ይኖርብኛል፣ መገጣጠሚያው መሐል ጀርባ ላይ እንዳይወድቅ። እሱስ ግድ የለም፣ መስፋት እችላለሁ።