ሁለቱን ቋንቋዎች ከመክሰሴ በፊት ጆሮውን ባስመረምር ኖሮ

ተወልጄ ያደግሁት ጎንደር፣ አዘዞ ነው፤ ባለቤቴ ደግሞ የነቀምት ልጅ ናት። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድ እኔ በአማርኛ፣ እርሷ በአፋን ኦሮሞ እንድናናግረው ተስማማን። በየካቲት ሁለት ዓመት ሲሞላው ግን የጎረቤት እኩዮቹ ሁለት ሦስት ቃል እያጋጠሙ ሲናገሩ፣ የእኛው ከነጠላ ቃልና በጣቱ ከመጠቆም አላለፈም ነበር። እናቴ «ልጁን በሁለት ቋንቋ ግራ አጋባችሁት፤ አንዱ ይብቃው» አለችን፤ ያማከርናቸው አንድ የጤና ባለሙያም ይህንኑ ደገሙልን።

እኔም ባለቤቴን ቋንቋዋን እንድትተው ለመንኋት፤ ይህ ዛሬም ይቆጨኛል። አማርኛዋ ለሥራና ለገበያ የሚበቃ እንጂ ለእሹሩሩ የሚሆን ስላልነበረ፣ ቀኑን ሙሉ ስታጫውተውና ስታንጎራጉርለት የምትውለው ሴት ከልጇ ጋር ቁጥብ ሆነች። በአራት ወር ውስጥ ልጁ የሚያውቃቸውን የኦሮምኛ ቃላት ወደ መርሳቱ ሄደ፤ በምትካቸው ግን የጨመረው አማርኛ እዚህ ግባ የሚባል አልነበረም።

በሐምሌ ነገሩን እንደገና አሰብንበትና በማድ ቤቱ ግድግዳ ላይ ሁለት ወረቀት ለጥፈን ቃላቱን መቁጠር ጀመርን። አማርኛው 21፣ ኦሮምኛው 17 ሆነ። የሁለት ቋንቋ ልጅ የሚመዘነው በሁለቱ ድምር መሆኑን ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው፤ «ውሃ»ም «ቢሻን»ም የሚል ልጅ ሁለት ቃል አለው። አንድ ልጅ ሁለት ዓመት ሲሞላው 50 ያህል ቃላት እንዲኖሩትና ሁለት ቃላትን ማጋጠም እንዲጀምር ስለሚጠበቅ፣ የእኛ ልጅ በድምሩም ቢሆን ዘግይቷል። ነገር ግን የዘገየው በሁለቱም እኩል ነበር። በሌላ በኩል እንደ ጉድለት የቆጠርንበት ብዙው ነገር ጉድለት አልነበረም፤ አያቱን «ና» እያለ ሲጠራት ቤተ ዘመዱ ይስቅ ነበር፣ በእናቱ ቋንቋ ግን «ኮቱ» ለወንድም ለሴትም አንድ ነው።

ወረቀቱን ለመሙላት ስንል በቅርብ ስንከታተለው ሌላ ነገር አስተዋልን። ከኋላው ስንጠራው አይዞርም፤ ፊታችንን እያየ ግን ይታዘዛል። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ካልሆነ አይቀመጥም። በዚያ ክረምት ደግሞ ጉንፋን አልተለየውም ነበር። የጆሮ፣ የአፍንጫና የጉሮሮ ሐኪም ዘንድ ስንወስደው በሁለቱም ጆሮዎቹ ከታምቡሩ በስተጀርባ ፈሳሽ ተገኘ። ፈሳሹ ታምቡሩ እንደ ልብ እንዳይርገበገብ ስለሚያደርግ ድምፅ ታፍኖ ይደርሳል፤ ሕመምም ትኩሳትም ላይኖረው ስለሚችል ወላጅ ሳያውቀው ይቆያል። ብዙውን ጊዜ በሦስት ወር ውስጥ በራሱ ስለሚጠፋ ሐኪሙ መጠበቅን መረጡ። እስከዚያው ቴሌቪዥኑን ዘግተን፣ ቀረብ ብለን፣ ፊት ለፊት እያየን እንድናናግረው መከሩን፤ ባለቤቴ «በየትኛው ቋንቋ?» ብላ ብትጠይቃቸው «በሚቀናሽ» አሏት። ወደ ቤት ስንመለስ ባጃጁ ውስጥ በኦሮምኛ ስታጫውተው መጣች።

በታኅሣሥ ሲታይ ፈሳሹ ጠፍቶ ነበር። በጥር 11፣ በፋሲል መዋኛ ጠበሉ ሲረጭ፣ ትከሻዬ ላይ ተቀምጦ «ብዙ ቢሻን!» ብሎ ጮኸ። ቋንቋ መቀላቀሉን የታዘቡ ነበሩ፤ እኔ የሰማሁት ሁለት ቃል መጋጠሙን ብቻ ነው።

የሁሉም ልጅ ችግር ጆሮ ነው ማለቴ አይደለም። በእንግሊዝ አገር በተደረገ ጥናት ከ100 ሕፃናት 7 ያህሉ ከጆሮም ሆነ ከሌላ የታወቀ ሕመም ጋር ያልተያያዘ የቋንቋ እድገት እክል እንዳለባቸው ታይቷል። እንዲህ ያለው እክል ልጁ በሚናገራቸው ቋንቋዎች ሁሉ ስለሚታይ፣ አንዱን ማስተው አያድነውም፤ የንግግር ሕክምና ባለሙያ ያስፈልገዋል። አንደኛው ቋንቋ ብቻ ደክሞ ሌላው የተቃና ከሆነ ግን ብዙውን ጊዜ የደከመውን የሚናገርለት ሰው ማነሱ ነው።

ልጃችን አሁን አራት ዓመቱ ነው። «ረ»ን እስካሁን «ለ» ይላታል፤ «በሬ»ን «በሌ»። በእናቱም ቋንቋ እንዲሁ ያደርግ እንደሆነ ባለቤቴ በድሮው ወረቀት ጀርባ ላይ እየመዘገበች ነው።