ድመት ያለበት የብር ሥራ ቤት

ጎንደር ውስጥ ብር እሠራለሁ። መስቀል፣ ጉትቻ፣ አምባር፣ ቀለበት፣ አልፎ አልፎም አልቦ። ፒያሳ ላይ ሱቅ የለኝም። የምሠራው ጓሮዬ ካለች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነው። እዚያች ክፍል የምንውለው ሦስት ነን፤ እኔ፣ ውሪት የምትባል ድመት እና ዶቃ የምትባል ውሻ። ዶሮዎቹ ደጅ ናቸው። ሙያውን ያስተማረኝ አጎቴ እሳት ባለበት ቤት እንስሳ ዝር አያስብልም ነበር። እኔ ግን ይኸው አብሬያቸው እየሠራሁ ነው። እንዴት ሆኖ እንደሆነ የሚጠይቀኝ ሰው ስለበዛ ልንገራችሁ።

መጀመሪያ የያዝኩት ሐሳብ ቀላል ነው። ድመት የማትደርስበት ቦታ የለም። «እዚህ እንኳ አትወጣም» ያልከው መደርደሪያ ላይ ማግስቱን ተጋድማ ታገኛታለህ። ስለዚህ ድመቷን ከዕቃው ማራቅ ትቼ፣ ዕቃውን ድመቷ ትደርስበታለች ብዬ ማስቀመጥ ጀመርኩ። ክዳን የሌለው ነገር ክዳን ተገዛለት። የሚደፋው ዝቅ አለ። የሚያቃጥለው የራሱ ጥግ ተሰጠው። ለእሷ ብዬ ያደረግሁት ሁሉ እኔኑ እንደጠቀመኝ ያወቅሁት ቆይቶ ነው። ሳሌ ቀነሰ፣ እጄ ላይ ያለው ጠባሳም አዲስ ጓደኛ አላገኘም።

ከሁሉም የከበደኝ አሲዱ ነበር። ብር በእሳት ሲሞቅ ይጠቁራል። ውስጡ ያለው መዳብ ከአየር ጋር ተዋህዶ ነው እንዲያ የሚያደርገው። ያንን ጥቁረት ለማንሳት ብዙዎቻችን የባትሪ አሲድ በውሃ አቅጥነን እንጠቀማለን። (የምትሞክሩት ካላችሁ፣ አሲዱ ወደ ውሃው ይጨመራል እንጂ ውሃው ወደ አሲዱ አይጨመርም። ይፈነጥቃል።) ድመት ደግሞ የረገጠችውን ሁሉ ከእግሯ ላይ ትልሳለች። አንድ ጠብታ ወለል ላይ ብትወድቅ መጨረሻዋ ምላሷ ላይ ነው። ስለዚህ ወደ ሎሚ ዞርኩ። የሎሚ ጭማቂ ከጨው ጋር፣ በደንብ ሞቅ አድርጎ። ከአሲዱ ይዘገያል፤ ግን ይሠራል። እየጠበቅህ ቡና ትጠጣለህ። ሎሚም ይሁን አሲድ፣ የብረት ጉጠት አትክተቱበት። ብረት ከገባ፣ ፈሳሹ ውስጥ የሟሟው መዳብ ተመልሶ ብሩ ላይ ይለጠፍና ሥራው ቀይ ሆኖ ይወጣል። እኔ የቀርከሃ መቆንጠጫ ነው የምጠቀመው።

ቦራክሱም (ብር ሲበየድና ሲቀልጥ የሚነሰነሰው ነጭ ዱቄት) እንደዚያው። ለብየዳም ለማቅለጥም ያለ እሱ አይሆንም፤ ለእንስሳ ሆድ ግን መርዝ ነው። ጠባብ አፍ ያለው የማርማላታ ብልቃጥ ውስጥ አድርጌ ከድኜዋለሁ።

አሁን ወደ ቆዳው ልምጣ። ብር ሠሪ ከሥራ ጠረጴዛው ሥር ቆዳ ይዘረጋል። ስትሞርድ፣ በመጋዝ ስትቆርጥ የሚረግፈው የብር ብናኝ እዚያ ላይ ይጠራቀማል። ብናኝ ገንዘብ ነው፤ አይጣልም። ውሪት ያንን ቆዳ ገና ስታየው ለእሷ የተሰቀለ አልጋ መሰላት። ጉልበቴ አጠገብ፣ ሞቅ ያለ፣ መሃሉ ጎድጎድ ያለ። ባነሣት ትመለሳለች። መዶሻም አያስፈራትም። መስፉ ላይ ብር ስቀጠቅጥ ጆሮዋን እንኳ አታነቃንቅም።

ይህ ሁለት ጣጣ አመጣ። አንደኛ፣ ብሩ ፀጉሯ ውስጥ ገብቶ ይሄዳል። ሁለተኛ፣ ፀጉሯ ብናኙ ውስጥ ይቀራል። መፍትሔው ቆዳውን ሁለት ማድረግ ሆነ። ስሠራ የብናኙን ቆዳ እዘረጋለሁ፤ ሥራ ሳቆም እሱን ጠቅልዬ አነሣና አሮጌውን ለእሷ እሰቅልላታለሁ። እስኪገባት ድረስ ተጨቃጨቅን፤ አሁን አዲሱ ሲወጣ ራሷ ትወርዳለች። ማታ ማታ ደግሞ ነጭ ወረቀት ዘርግቼ አበጥራታለሁ። ወረቀቱ ላይ የሚያብረቀርቅ ነገር አይጠፋም። ድመት ማበጠር ትርፍ ያለው ሥራ ነው ብል የሚያምነኝ የለም። ዋናው ግን እሷ ስትላስ ብረቱን እንዳትውጠው ነው።

ፀጉር የገባበትን ብናኝ እንዲሁ ማቅለጥ አይቻልም። መጀመሪያ ደጅ አውጥቼ ብረት ምጣድ ላይ አቃጥለዋለሁ። ሽታው ጎረቤት ያጣላል፤ ነፋሱ ወዴት እንደሚነፍስ አይታችሁ ጀምሩ። ሲበርድ ማግኔት አዞርበታለሁ፤ ከሞረዱና ከመጋዙ የረገፈው ብረት ይነሣል፣ ብር ማግኔት አይነካውም። ከዚያ በቦራክስ አቅልጬ አንድ እንክብል አደርገዋለሁ። ሳይቃጠል የቀለጠ ብናኝ ውስጡ ቀዳዳ ይበዛበታል፤ ስትቀጠቅጠው ይሰነጠቃል።

ይሄን ሁሉ በደንብ የፈተነችኝ አንዲት እናት ናት። ቱሪስቱ ከቀነሰ ወዲህ እንጀራዬ የአገሬው ሰው ነው፤ የአገሬው ሰው ደግሞ የራሱን ብር ይዞ ይመጣል። እማማም ከእናታቸው ድሪ የተፈቱ ሁለት ማርትሬዛ (የኦስትሪያዋ ንግሥት ማሪያ ቴሬዛ መልክ ያለበት የድሮ የብር ገንዘብ) ይዘው መጡ። የልጅ ልጃቸው ጥር ላይ ትዳራለች፤ ጉትቻና መስቀል ይፈልጋሉ። እንደ ወጉ፣ ብሩ ሲቀልጥ ካላዩ አይሄዱም። ቅር አይለኝም፤ ድሮም ሰው አንጥረኛ ፊት ቁጭ ብሎ ነው ብሩን የሚያስቀልጠው።

ማርትሬዛ ላይ 1780 የሚል ዓመት ታገኛላችሁ። ብዙዎቹ የተመቱት ከዚያ በኋላ ቢሆንም ዓመቱ ሳይቀየር ቀርቷል። አንዱ አዲስ ሲሆን 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ያረጀው በመጠኑ ይጎድላል። ከሺህ 833 እጁ ብር ነው፣ የቀረው ባብዛኛው መዳብ። እማማ ፊት ሁለቱን ሚዛን ላይ አስቀመጥኩ። 55 አለ። ከዚያ 61 አለ። ከዚያ 58።

«ይጨምራል እንዴ ልጄ?» አሉኝ።

ውሪት ናት። ጠረጴዛው ላይ ተቀምጣ ጅራቷን ሚዛኑ ላይ ጣል አንሣ ታደርጋለች።

«ጅራቷ ነው እማማ።»

«ጅራቷንም በብር ሒሳብ ልታስከፍለኝ ኖሯል?» ብለው ሳቁ። ሳቃቸው ግን ዶቃ ከጥግ ብድግ ስትል ቆመ። «አንተ! ውሻ ቤት ታስገባለህ?» ነጠላቸውን ሰብሰብ አደረጉ። የእኛ ሰው ውሻ ደጅ ነው የሚያውቀው። አስወጣኋት። ለነገሩ እሳት ልለኩስ ስለነበር መውጣቷ አይቀርም። ሚዛኑ ከዚያን ቀን ወዲህ የመስታወት ሽፋን አለው፤ ሳይሸፈን አይነበብም።

ንጹሕ ብር በ962 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ይቀልጣል። ማርትሬዛ መዳቡ ስላለበት ከዚያ ቀደም ብሎ ይሸነፋል። እማማ ያ የተከበረ ፊት ሲላላ፣ ሲጎብጥ፣ ከዚያ ድንገት ክብ ሆኖ ሲንከባለል ዓይናቸውን አልነቀሉም። «እናቴ ስንት ዘመን አንገቷ ላይ ይዛው» አሉና ዝም አሉ። እኔም ዝም አልኩ። እንዲህ ያለ ጊዜ ወሬ አያስፈልግም።

ከዚያ በኋላ ግን አንድ ነገር መንገር አለብኝ፤ ለሁሉም ደንበኛ እነግራለሁ። የማርትሬዛ ብር ገበያ ላይ «925» (ከሺህ 925 እጁ ብር የሆነ) ተብሎ እንደሚሸጠው ነጭ አይደለም፤ ወደ ቢጫ ያደላል። ወደ 925 ለማድረስ ለአንዱ ማርትሬዛ 34 ግራም ያህል ንጹሕ ብር መጨመር ያስፈልጋል፤ ማለትም ከራሱ ክብደት በላይ። ያኔ የእናትየው ብር መሆኑ ይቀራል። ስለዚህ ባለበት እንተወውና ላዩን ብቻ እናነጣዋለን። ሥራው ካለቀ በኋላ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አሞቀዋለሁ፣ ሎሚው ውስጥ እነክረዋለሁ፣ ደግሜ አሞቀዋለሁ፣ ደግሜ እነክረዋለሁ። በየዙሩ ላዩ ላይ ያለው መዳብ እየተበላ ይሄድና ንጹሕ የብር ሽፋን ይቀራል። ወተት ይመስላል። እማማ ሲያዩት «ቀየርክብኝ» እንዳይሉ አስቀድሜ ነገርኳቸው።

መስቀሉን በሰም ነው ያወጣሁት። ሰሙን ከጠጅ ቤት ሰፈፍ አጣርቼ ነው የማገኘው። የሰሙን ክብደት ታውቃላችሁ፣ ብሩ በግምት አሥር እጥፍ ከምናምን ይፈልጋል፤ መግቢያ ቦዩን የሚሞላ ደግሞ ጨመር። በሸክላ ጭቃ ትለብጡታላችሁ፣ ሲሞቅ ሰሙ ይፈሳል፣ ብሩ ይገባል። ችግሩ ሰም ማር ማር ይሸታል። ዶቃ አንድ ምሽት ለሌላ ደንበኛ ያዘጋጀኋቸውን የሰም መስቀሎች ለቃቅማ ዋጠቻቸው። ደነገጥኩ፤ ግን የንብ ሰም ለውሻ አይከፋም፣ እንደገባ ወጣ። ጎረቤቴ ሲሰማ «እንግዲህ ዶቃን ጅብ አይነካትም» አለ። ሰሙ አሁን ጣሪያው ላይ በተንጠለጠለ ቆርቆሮ ውስጥ ነው።

ጅብ ካነሣን አይቀር። በእኛ አገር ብረት ቀጥቃጭና ሸክላ ሠሪ ቡዳ ነው፣ ማታ ጅብ ይሆናል ይባል ነበር። ጎንደር አጠገብ ባለችው ወለቃ ይኖሩ የነበሩት ቤተ እስራኤል ባለእጆች ይህን ስም ተሸክመው ነው የኖሩት። የገበሬውን ማረሻና የባለቤቱን ምንቸት የሠራው እጅ ነው እንግዲህ እንዲህ የተባለው። ዛሬም አንዳንድ ሰው ሙያዬን ሲሰማ በቀልድ መልክ ጣል ያደርግብኛል። መልሴ አጭር ነው፤ ጅብ ብሆን ዶቃ እግሬ ሥር አትተኛም።

የቀኑን አካሄድ መብራትና እንስሳቱ ተካፍለውታል። ጠዋት ዶሮዎቹን እለቃለሁ፣ ዶቃን አንገረብ አቅጣጫ ይዣት ወጣ እላለሁ። ሲነጋጋ ብርሃኑ ጥሩ ስለሆነ መጋዝና ሞረድ ያኔ ነው። የመወልወያው ሞተር መብራት ሲመጣ ይሠራል፤ ሲጠፋ ወደ መዶሻው። እሳት የሚለኮሰው ወደ ማታ ብቻ ነው። ክፍሉ ደብዘዝ ሲል የብሩ ቀለም በደንብ ይታያል፤ ፀሐይ ላይ ቀዩን ሳታየው ያልፍና ሥራህ ይቀልጣል። እሳት ካለ በሩ ይዘጋል፣ ከእንስሳቱ አንድም አይገባም። ዶቃ የጋዙን ድምፅ ስትሰማ ራሷ ትወጣለች። ውሪትን ግን ተሸክሜ ነው የማስወጣት። እሳቱ ከጠፋ በኋላም ከሰሉ የነበረበት ድንጋይ ላይ መተኛት ስለምትወድ፣ ድንጋዩን ውሃ ነክሬ እንፋሎት አለመውጣቱን ሳላይ በሩን አልከፍትም።

አሁን ያለነው ነቢያት ጾም ላይ ነው። «ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ» ይባላል፤ ጉትቻውም እንደዚያው ነው፣ ሁሉም ከጥር 11 በፊት ይፈልጋል። ደግነቱ በጾም ዶሮዎቹ ይጥላሉ፣ የሚበላ የለም። እንቁላሉን ለሥራ አውለዋለሁ። የመስቀል ቅርጽ ጎልቶ እንዲታይ ጎድጓዳው መጥቆር አለበት። እንቁላል በደንብ ትቀቅላላችሁ፣ ትኩሱን ታደቅቃላችሁ፣ ክዳን ባለው ዕቃ ውስጥ አድርጋችሁ ብሩን በክር ከላይ ታንጠለጥሉታላችሁ፤ እንቁላሉን አይንካ። ብሩ አስቀድሞ በሳሙና ታጥቦ ቅባቱ የለቀቀ ይሁን። መጀመሪያ ቢጫ ይሆናል፣ ከዚያ ቡናማ፣ ከዚያ ሰማያዊ ነገር፣ በኋላ ይጠቁራል። የእንቁላሉ ድኝ ነው ሥራውን የሚሠራው። ከላይ ከላዩን ስትወለውሉት ጎድጓዳው ጥቁር ሆኖ ይቀራል። የጠቆረበትን እንቁላል ለዶቃ አልሰጥም፤ ይቀበራል። ያልተነካውን ግን እሷ ጾም የለባት።

ክትባት ነገር አትርሱ። ዶቃ የእብድ ውሻ በሽታ ክትባቷን በየዓመቱ ትወስዳለች፣ ዶሮዎቹም የፈንግሉን። ደንበኛ የሚገባ የሚወጣበት ቤት ነው፤ ሰው ቢነከስ ጣጣው የእኔ ብቻ አይደለም።

ያልፈታሁት አንድ አውራ ዶሮው ነው። የሚያብረቀርቅ ነገር ካየ ለቀማ ነው። ባለፈው ጉትቻ ላይ የሚበየዱትን ጥቃቅን የብር ፍሬዎች አጥቤ በራፍ ላይ ሳሰጣ፣ ዞር ስል ደርሶ ጠቅ ጠቅ አደረጋቸው። ስንቱን እንደዋጠ እሱና እግዜር ያውቃሉ። የእማማ ብር ቢሆን ኖሮ ምን እል ነበር እያልኩ ሳሰላስል ባለቤቴ ሰማችኝ።

«ምን አስጨነቀህ» አለችኝ፣ «ገና እኮ ደርሷል። ሆዱ ሲከፈት ትመዝነዋለህ።»