ለሦስት ሲዲ ከሐይቅ ደሴ የተመላለስኩት

ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው የምጽፈው። ዛሬ ደግሞ ሲዲ ማን ይጠቀማል ትሉ ይሆናል። እኔም እንደዛ ነበር የምለው፣ ደሴ ያለ አንድ መሥሪያ ቤት የፎቶ ሥራ እስኪሰጠኝ ድረስ። ሥራውን ጨረስኩ። ክፍያ ላይ ሲደረስ "ፎቶዎቹን ለመዝገብ ቤት በሲዲ፣ በሦስት ኮፒ" ተባለ። ፍላሽ ቫይረስ ያመጣል አሉ። ይህን የነገሩኝ የመዝገብ ቤቱ ጋሼ ስልካቸውን እዛው ኮምፒውተር ላይ ሰክተው ቻርጅ እያደረጉ ነበር። ዝም አልኩ፤ ገንዘቡ የኔ ነው፣ ፊርማው የሳቸው።

ላፕቶፔ የሲዲ ማስገቢያ የለውም። እዛው ደሴ ፒያሳ ወርጄ በዩኤስቢ የሚሰካ ስስ ራይተር፣ ማለትም ሲዲ ላይ የሚጽፍ ዕቃ፣ እና 10 ባዶ ሲዲ ገዛሁ። ፎቶዎቹን አሳንሼ ከ700 ሜጋባይት በታች አደረግኳቸው፣ አንድ ሲዲ ከዚያ በላይ አይችልምና። ወደ ቤቴ፣ ሐይቅ ከተማ ገባሁ።

መጀመሪያ የበላኝ ኬብሉ ነው። ላፕቶፕ ላይ የሚሰካ ሁለት ራስ አለው። አንዱ ትርፍ መስሎኝ አንዱን ብቻ ሰካሁ። ራይተሩ ይበራል፣ ሲዲውን ያዞራል፣ መጻፍ ሲጀምር ቀጭ ቀጭ ይልና ከስክሪኑ ላይ ይጠፋል። ሦስት ሲዲ እንደዚህ ሄደ። ለሻጩ ስደውል "ሲዲው ፎርጅድ ይሆናል፣ ሌላ አለኝ" አለ። ራሱ የሸጠልኝን! ነገሩ ቀላል ነበር። የድሮ ዩኤስቢ ቀዳዳ በደንቡ የሚሰጠው ኤሌክትሪክ 500 ሚሊአምፔር ነው፣ ራይተሩ ደግሞ ሞተሩን ሲያስነሳና ሲጽፍ ከዚያ በላይ ይጠይቃል። ሁለቱንም ራስ ላፕቶፑ ላይ ስሰካ ዝም ብሎ ሠራ። ማራዘሚያ ወይም ማባዣ ላይ አትሰኩት።

ዋናው ጉድ ግን ከዚህ በኋላ ነው፣ እሱን ደግሞ በማንም አላላክክም።

ባዶ ሲዲ ስታስገቡ ዊንዶውስ ይጠይቃል፤ እንደ ፍላሽ ልጠቀምበት ወይስ ለሲዲ ማጫወቻ? እንደ ፍላሽ የሚለው ከላይ ነው የተቀመጠው፣ ደስ ይላል፣ እየጎተቱ መጣል ነው። እሱን መረጥኩ። ፎቶዎቹ ገቡ፣ ከፈትኳቸው፣ ሁሉም አለ። በሁለተኛውና በሦስተኛውም እንደዚያው። እያንዳንዱ ሊወጣ ሲል ግን ዊንዶውስ ሲዲውን እያዘጋጀሁ ነው እያለ ይቆያል። እኔ ደግሞ የጠዋቱን ሚኒባስ ላገኝ እቸኩላለሁ። ፎቶው ገብቷል፣ ምን ቀረው ብዬ ኬብሉን ነቀልኩት። ኤሌክትሪክ የሌለው ራይተር በቁልፉ አይከፈትም፤ ፊቱ ላይ ባለችው ቀዳዳ የወረቀት ክሊፕ አቃንቼ ከትቼ፣ ገፋ አድርጌ አወጣሁት። ሦስቱንም እንደዚያ። እንዲያውም ብልሃተኛ የሆንኩ መስሎኝ ነበር።

ደሴ ደረስኩ። ጋሼ የመጀመሪያውን አስገቡ። ተሽከረከረ፣ ተሽከረከረ፣ ቆመ።

"ልጄ፣ ይሄ ባዶ ነው።"

"ጋሼ፣ እኔ ጋ ይከፍታል።"

"አብሽር፣ ሌላውን እንይ።" ሌላውም ባዶ። ሦስተኛውም።

የሳቸው ኮምፒውተር ነው የተበላሸው ብዬ ሐይቅ ተመለስኩ። እኔ ጋ ሳስገባው ወለል ብሎ ተከፈተ። በቃ፣ ትክክል ነኝ! በማግስቱ ላፕቶፔንም ራይተሬንም ተሸክሜ ሄድኩና ጠረጴዛቸው ላይ ከፍቼ አሳየኋቸው። ፎቶዎቹን አንድ በአንድ አዩ። መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፉና "ታዲያ ላፕቶፕህን ፋይል ውስጥ ልክተተው?" አሉኝ። ጎን ያለችው ልጅ ሳቋን መያዝ አቃታት። ያቺ ሳቅ እስካሁን ትከነክነኛለች።

ምክንያቱን ያወቅኩት ማታ ነው። ሲዲ ላይ የተጻፈ ነገር ካልተዘጋ፣ ማለትም የት ተጀምሮ የት እንዳለቀ የሚናገረው መረጃ ካልሰፈረበት፣ የጻፈው ራይተር ሊያነበው ይችላል፤ ማንበብ ብቻ የሚችለው የመሥሪያ ቤት ዕቃ ግን ባዶ ነው የሚለው። እኔ ኬብሉን የነቀልኩት ልክ እሱን ሊጽፍ ሲል ነው። እሳቸው ልክ ነበሩ፣ እኔም ልክ ነበርኩ። ከንዴቱ ሁሉ የባሰው እሱ ነው፣ የምቆጣው ሰው አጣሁ።

አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። እንደ ፍላሽ የሚለውን አልነካም፣ ዊንዶውስ ከላይ ቢያስቀምጠውም። ለዚህ ሲዲ ጭራሽ አይረባም፤ ፋይል ብታጠፉ እንኳ ቦታው አይመለስላችሁም፣ አንዴ የተጻፈ ተጽፏል። ለማጫወቻ የሚለውን እመርጣለሁ፣ ወይም ኢምግበርን በሚባል በነፃ በሚገኝ ፕሮግራም እጽፋለሁ፣ ሁሉንም በአንዴ ጽፎ ይዘጋዋል። የመጻፊያ ፍጥነቱን 16 ላይ አደርጋለሁ። የሲዲዎቹ ካርቶን 52 ይላል፣ የኔ ስስ ራይተር ግን ከ24 አያልፍም፣ 24ቱንም አልሰጠውም። ሙሉ ሲዲ 5 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ ሁለት ደቂቃ ለማትረፍ መቸኮል ምን አመጣብኝ? ከዚያ የተጻፈውን መልሶ እንዲያረጋግጥ አደርጋለሁ። ሲዲውን ሳስገባም መሃሉን ጠቅ እስኪል በጣቴ እጫነዋለሁ። ላፕቶፑ ባትሪው ሙሉ ካልሆነ አልጀምርም፤ ሐይቅ ላይ መብራት መቼ እንደሚሄድ የሚያውቅ የለም።

አንድ ነገር ልጨምር። ሰው ሁሉ የሚጠነቀቀው ለሚያብረቀርቀው ሥሩ ነው። እውነቱ ግን ተቃራኒው ነው። ከሥር ከአንድ ሚሊሜትር የሚበልጥ ፕላስቲክ ይጠብቀዋል፤ ከላይ፣ ስም በሚጻፍበት በኩል፣ የሚያንጸባርቀው ንጣፍ ከስስ ቀለም በታች ነው ያለው። እዛ ላይ በእስኪርቢቶ ተጭኖ መጻፍ ማለት ፎቶውን መቧጨር ማለት ነው። ለስላሳ ማርከር ብቻ።

በሦስተኛው ጉዞ ሦስቱም ከፈቱ። ጋሼ "አየህ፣ አብሽር ብዬህ አልነበር" አሉ። እኔም ተነፈስኩ። ከዚያ ኪሳቸው ገቡና እስኪርቢቶ አወጡ፣ የመዝገብ ቁጥር ሊጽፉበት። "ጋሼ! በሱ አይሆንም!" ብዬ ማርከሬን አቀበልኳቸው። ምን ሆንክ በሚል ዓይን አዩኝና ጻፉ። ቀጥለው መሳቢያውን ከፈቱ፣ ክቡን ማኅተም ቀለም አስነከሩና ሲዲው ላይ አሳረፉት። ቀለሙ አልይዝ ብሎ ተንሸራተተ። "አይ" አሉና ጠንከር አድርገው ደገሙት።