ሰዓቱ ሲጮህ መነሳት

ሥራዬ ትርጉም ነው። ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አፍጥጬ እውላለሁ። ድሮ ሳይነሱ ብዙ ሰዓት መቀመጥ ጉብዝና ይመስለኝ ነበር። ጠዋት የያዝኩትን ወንበር የምለቀው ለምሳ ብቻ ነበር። ከምሳ በኋላ አንዱን አንቀጽ ሦስቴ አራቴ አነበዋለሁ፤ ጠብ የሚል ነገር ግን የለም።

አንድ ቀን ያስረከብኩት ውል ተመልሶ መጣ። «አይፈቀድም» መባል ያለበትን «ይፈቀዳል» ብዬዋለሁ። በጣም ደነገጥኩ። ቁጭ ብዬ ሌሎቹንም ስህተቶች ስለቅም፣ አብዛኞቹ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ በሠራኋቸው ገጾች ላይ ናቸው። ቋንቋውን አጥቼው ሳይሆን ደክሞኝ ነበር።

መጀመሪያ «ሲደክመኝ አርፋለሁ» አልኩ። አልሠራም። የደከመ ሰው መድከሙን የሚያውቀው ከረፈደ ነው። ስለዚህ እረፍቱ ቀድሞ ሰዓት ሊቆረጥለት ይገባል።

ፖሞዶሮ የሚባለውን ዘዴ ሞከርኩ። ፍራንቼስኮ ቺሪሎ የተባለ ጣሊያናዊ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ መጨረሻ፣ ተማሪ ሳለ የጀመረው ነው። ፖሞዶሮ በጣሊያንኛ ቲማቲም ማለት ነው፤ ስሙን ያገኘው በቲማቲም ቅርጽ ከተሠራች የወጥ ቤት ሰዓት ነው። 25 ደቂቃ ይሠራል፣ 5 ደቂቃ ይታረፋል፤ አራት ዙር ሲሞላ ረዘም ያለ እረፍት ይወሰዳል። ለኢሜይልና ለጥቃቅን ሥራ ሸጋ ነው። ለትርጉም ግን አጠረብኝ። ጽሑፉ ውስጥ እስክገባ ብቻ 10 ደቂቃ ያልፋል።

ታዲያ ለአንድ ሳምንት ደብተር አጠገቤ አስቀመጥኩና ሐሳቤ መጀመሪያ የሸፈተበትን ደቂቃ መዘገብኩ። አብዛኛውን ጊዜ ከ45 እስከ 55 ደቂቃ መካከል ነው። 50 ደቂቃ ሥራ፣ 10 ደቂቃ እረፍት አደረግኩት። የእናንተ ቁጥር ሌላ ሊሆን ይችላል፤ ከሰው ቁጥር ከመዋስ የራስን መለካት ይሻላል።

ያም ሆኖ ለሁለት ሳምንት ያህል ለውጥ አላየሁም። ምክንያቱ ስልኬ ነበር። ሰዓቱ ሲጮህ ከትልቁ ስክሪን ወደ ትንሹ እዞራለሁ። አይን እዚያው ቅርብ ላይ እንደተወጠረ ነው፤ ስክሪን ላይ ስናፈጥ ደግሞ የምንርገበገበው ከወትሮው ባነሰ ነው፣ አይን ይደርቃል። አሁን ስልኩን ጠረጴዛው ላይ ትቼ እነሳለሁ። መስኮት ጋ ቆሜ ሩቅ አያለሁ፣ ውሃ እጠጣለሁ፣ ትንሽ እንቀሳቀሳለሁ። ሌላ ምንም የለውም።

ከሁሉም የጠቀመኝ ግን ከመነሳቴ በፊት የምጽፋት አንዲት መስመር ናት። ለምሳሌ፦ «ገጽ 14፤ ‹አከራይ› የሚለው ከገጽ 3 ጋር ይታይ፤ ቀጥሎ የክፍያው አንቀጽ»። ያለሷ ስመለስ የት እንደነበርኩ ስፈልግ ብዙ ደቂቃ ይበላኛል። እረፍት ላይም ሆኜ ያልጨረስኩት ነገር ያብሰለስለኛል። ሶፊ ሌሮይ የተባለች ተመራማሪ እንደ ፈረንጆቹ በ2009 ያሳተመችው ጥናትም፣ ያልተጠናቀቀ ሥራ ትተን ስንሄድ ከፊሉ ትኩረታችን እዚያው እንደሚቀር ያሳያል። ጽፌው ስነሳ ግን ይለቀኛል።

«ሥራው ሞቅ ባለበት ሰዓቱ ቢጮህስ?» ትሉ ይሆናል። አረፍተ ነገሩን ጨርሼ እነሳለሁ። «ትንሽ ልጨምር» እያልኩ በዘለልኩባቸው ቀናት 10 ሰዓት ሲሆን አልቆልኝ ነበር። የሥራ ባልደረቦቼም እንዲያውቁት እረፍቶቹን የጋራ ካላንደራችን ላይ አስገባኋቸው። በዚያ ሰዓት ስብሰባ የሚይዝብኝ አሁን እምብዛም ነው።

የማስረከቢያ ቀን ሲቃረብ አሁንም ይከብደኛል። ባለፈው ሳምንት ሥራ ስለበዛብኝ 50 ደቂቃውን 70 አደረስኩት፤ እረፍቱን ግን አልነካሁትም። ማታ ከመላኬ በፊት መለስ ብዬ ሳነበው፣ ከ9 ሰዓት በኋላ በሠራኋቸው ገጾች ላይ ያገኘሁት ሁለት የፊደል ግድፈት ብቻ ነው።