ከምሳ ዕቃው ይጀመር

ለመምህራን የሥርዓተ ምግብ ሥልጠና የሚሰጥ ሰው ሰሌዳውን በካርቦሃይድሬትና በፕሮቲን ከሞላው፣ ትምህርቱ ተማሪው ቤት አይደርስም። መነሻው የተማሪው ምሳ ዕቃ ቢሆን ይሻላል።

እንጀራ በሽሮ ጥሩ መሠረት ነው። የሚጎድለው አትክልትና ፍራፍሬ ነው። ጎመን ላይ ግማሽ ሎሚ ይጨመቅ፣ ወይም አንድ የዘይቱን ፍሬ ከምሳው ጋር ይበላ፤ ቫይታሚን ሲ በሽሮውና በጎመኑ ያለው ብረት በደንብ እንዲመጠጥ ያደርጋል። ሻይ ግን ይህንኑ ብረት ስለሚይዘው ከምግብ በኋላ ቢያንስ 1 ሰዓት ይቆይ። መምህሩ አንድ ነገር ብቻ የማስተማር ጊዜ ካለው ይህን ያስተምር።

ጎመን ተቀቅሎ ውኃው ሲደፋ ቫይታሚኑም አብሮ ይደፋል። በጥቂት ውኃ፣ ተከድኖ፣ ቶሎ ይብሰል፤ ትንሽ ዘይት ካልገባበት ደግሞ ወደ ቫይታሚን ኤ የሚለወጠው ንጥረ ነገር በደንብ አይመጠጥም። አዮዲን ያለው ጨው ወጡ ሊወርድ ሲል ይጨመር፤ የጨው ዕቃውም ይከደን።

ጣና ዳር ሆኖ የሐይቁን ዓሣዎች ቆሮሶና አምባዛን ሳይጠቅሱ ማለፍ ያሳዝናል። የልጁን መዳፍ የሚያክል ቁራጭ ለአንድ ምሳ ይበቃል፤ እሾኩን ግን ትልቅ ሰው ይልቀምለት። ለሚጾሙ ልጆች ምስር፣ ባቄላና ሽምብራ አሉ።