ቋጠሮውን ማን አሳየህ?

ዛሬ ሆዴን ባር ባር ሲለኝ ዋለ። ምክንያት የለውም። ማንም ክፉ አልተናገረኝም፣ የጠፋብኝም ነገር የለም። እንዲሁ ቀኑ አልቀና አለኝ። እንዲህ ሲያደርገኝ ስልኬን ይዤ እጋደምና የማያገባኝን ሁሉ አነባለሁ።

አገር ዞሮ የማይጠግብ አንድ ወዳጄ ፎቶ ልኮልኛል። «እስቲ ይሄ ምንድን ነው?» ብሎ። መዳፍ ላይ የተጋደመ ቡናማ ጥቅል ነው። ቁመቱና ውፍረቱ የበቆሎ ነው፤ የለበሰውም የበቆሎ ልባስ ነው፤ ውስጡ ግን በቆሎ የለም። ከአናቱ እስከ ግርጌው በቀጭን ልጥ ተጠፍሯል። ዙሩ እኩል ነው፤ አንዱ ከሌላው አይደራረብም፣ አይራራቅም። ጫፉ ላይ ያለችው ቋጠሮ ደግሞ ጉድ ናት። ልጡ በራሱ ሥር ሾልኮ ተመልሶ ይገባል እንጂ የተንጠለጠለ ጭራ የለውም።

የማላዊ ኮብ ይሉታል። እዚያ ቻምባ የሚሉትን፣ እኛ ዕፀ ፋሪስ የምንለውን የሚያቆዩበት የቆየ ዘዴ ነው። በማላዊ ሐይቅ ምዕራብ ዳርቻ ያለችው ንኮታኮታ በዚሁ ምርት ስሟ ይነሳል። አበባው ጥቂት ጠውለግ ይላል እንጂ አይደርቅም። እንደዚያው እንዳለ ተጠቅጥቆ በበቆሎ ልባስ ወይም በሙዝ ቅጠል ይጠቀለላል፣ ይጠፈራል፣ ሞቅ ያለ ቦታ ይቀመጣል። ከዚያ መጠበቅ ነው።

ልብ በሉ፣ የማጨሱ ነገር እኔን አይመለከተኝም። ሁለተኛ ስኒ ቡና ልቤን የሚያስመታኝ ሰው ነኝ። የያዘኝ ያ ታፍኖ የሚሠራው ሥራ ነው። ዕርጥበቱና ሙቀቱ ተጋግዘው ውስጥ ለውስጥ ያብላሉታል። አረንጓዴው ይለቃል፣ ቡናማው ይመጣል። አዲስ የታጨደ ሣር የሚመስለው ሽታ ይሄድና ሌላ ከበድ ያለ ሽታ ይተካዋል። ዕርጥበቱ ትንሽ ከበዛ ግን ይሻግታል፤ ሻጋታ ደግሞ ሳንባ ላይ ቀልድ አያውቅም። ከውጭ ለሚያይ የበሰለውም የሻገተውም ያው አንድ ጥቅል ነው። ፈትቶ ማሽተት ነው ያለው።

ሕጉን ሳነብ ደግሞ ሳቄ መጣ። ማላዊ እ.ኤ.አ. በ2020 ዕፁን ለመድኃኒትና ለኢንዱስትሪ ፈቀደች፤ ለመዝናኛ አልፈቀደችም። በዓመቱ የግብርና ሚኒስትሩ ማይክ ታይሰንን የዘርፉ አምባሳደር እንዲሆን በደብዳቤ ጠየቁት። ቦክሰኛውን! ዘመኑን ሙሉ ሲጠቀልል የኖረው ገበሬ ቁጭ ብሎ። ለእሱ የፈቃዱ ክፍያ የሚቀመስ አልሆነም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳቤ የሸፈተው። መጀመሪያ የጠቀለለው ማን ነው? አንዱ ለመሸከም እንዲመቸው አስሮት ረስቶት ይሆናል። ቆይቶ ሲፈታው አረንጓዴው ቡናማ ሆኗል። እኔ ብሆን አውጥቼ እጥለው ነበር። ያ ሰው አልጣለም፤ አሸተተው። ወንድ ይሁን ሴት አይታወቅም። ስሙም የለም።

ቫኒላም እንደዚሁ ነው። ፍሬው ተቀጥፎ ሲመጣ አረንጓዴ ነው፣ ቫኒላ ቫኒላ አይሸትም። ጥቂት ደቂቃ ሙቅ ውኃ ውስጥ ይነክሩታል፣ በብርድ ልብስ ጠቅልለው እንዲያልበው ያደርጉታል፣ ፀሐይ ያሳዩታል፣ መልሰው ይጠቀልሉታል። ወራት ይፈጃል። ሽታው የሚወለደው እዚያ ጥቅል ውስጥ ነው።

የቫኒላው ግን ቢያንስ አንድ ስም አለው። ተክሉ ከሜክሲኮ ተነስቶ በፈረንሳዮች እጅ ሪዩኒየን ደሴት ደርሶ ነበር፤ ያብባል፣ ፍሬ ግን አይሰጥም። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ቀን ብቻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1841 ኤድሞን የሚባል የ12 ዓመት ልጅ በቀጭን እንጨትና በአውራ ጣቱ ዘዴውን አገኘ። በአበባው ውስጥ ወንዱንና ሴቱን የምትለየውን ስስ ክዳን ገለጥ ያደርጋል፣ ጫን ያደርጋል፣ አለቀ። ዛሬም ቫኒላ የሚዳቀለው በዚሁ መንገድ ነው። ኤድሞን ባሪያ ነበር። የአባት ስም እንኳ አልነበረውም፤ አልቢየስ የሚለው የተሰጠው በ1848 ነፃ ሲወጣ ነው።

ከዚያማ አንድ የታወቀ የዕፅዋት ባለሙያ ብድግ ብሎ «እኔ ነኝ ያሳየሁት» አለ። የልጁ አሳዳሪ ተከራከረለት፣ ደብዳቤ ጻፈለት። ደግ ሰውዬ ልንለው ነው እንግዲህ፤ ልጁን በባርነት የያዘውም እሱ ነው። ያ ደብዳቤ ባይጻፍ ዛሬ የምንጠራው የባለሙያውን ስም ሊሆን ይችል ነበር። ደሴቲቱ በቫኒላ ገንዘብ ስታገኝ ኤድሞን በስርቆት ተከሶ ታሰረ፤ ለደሴቲቱ ባበረከተው ታስቦለት ከጊዜው በፊት ተፈታ። በ1880 ሲሞት ድሃ ነበር።

ደሜ ፈላ። እውነቴን ነው፣ ብቻዬን ክፍል ውስጥ ከሞተ ሰው ጋር ተጣላሁ። ሲበርድልኝ ተነስቼ ሊጣሉ የደረሱ አሮጌ ወረቀቶቼን በሲባጎ ማሰር ጀመርኩ፤ እጅ ሥራ ይሻላል ብዬ። አስሬ ስጨርስ እጄ ምን ሠርቶ ባገኝ ጥሩ ነው? ሲባጎው በራሱ ሥር ሾልኮ ገብቷል። ጭራ የለውም። እንዲህ እንደማስር ልብ ብዬ አላውቅም። ግን ሰው ካላሳየው እንዲህ አያስርም።

እማዬ ጋ ደወልኩ። «እኔ ነኛ! ሌላ ማን አለህ?» አለችኝ። አክስቴ ጋ ደወልኩ። «እናትህማ የራሷን ነጠላ ጫማ ማሰሪያም አታስር፤ እኔ ነኝ እንጂ!» አለች። የ12 ዓመት ልጅን ሐቅ ላስመልስ ስንጠራራ የነበርኩት ሰውዬ፣ ለሁለቱም «ልክ ነሽ» ብዬ ስልኩን ዘጋሁ። ጠብ ማን ይፈልጋል።

በኋላ ግን አንድ ነገር መጣብኝ። ልጅ ሳለሁ ቤታችን ትሠራ የነበረች ልጅ ነበረች። ከእኔ ብዙም አትበልጥም። ዕቃ ስታስር አጠገቧ ቁጢጥ እል ነበር። ጣቶቿ አሁንም ይታዩኛል፤ አውራ ጣቷ ላይ ጠባሳ ነበረ። ስሟ ግን አልመጣልኝም። ከ«ሀ» እስከ «ፐ» ፊደሉን ስወርድ አመሸሁ፣ የለም። እማዬን ደውዬ እንዳልጠይቃት «ቋጠሮውን እኔ ነኝ ያሳየሁህ አላልኩህም?» ብላ ልትቆጣ ነው። አክስቴም ያው ናት። እና አሁን ማንን፣ ማን ብዬ ነው የምጠይቀው?