የመባ ሒሳብ ይዤ የተማርኩት፦ ስጦታና ኅብረት በሜቶዲስት ጉባኤያችን

የጉባኤያችንን ሒሳብ እንድይዝ ስመረጥ የተረከብኩት አንድ የገቢ መዝገብ፣ አንድ የወጪ መዝገብ፣ እንዲሁም ለጣሪያው እድሳት የተበደርነውንና ገና ያልከፈልነውን ዕዳ ነበር። በሜቶዲስት ጉባኤ ውስጥ ያደግኩ ብሆንም፣ መባ ለእኔ እሑድ እሑድ የሚሰበሰብና በወሩ መጨረሻ የሚደመር ገንዘብ ነበር፤ ኅብረት ደግሞ ከአምልኮ በኋላ ሰላምታ የምንለዋወጥበት ጥቂት ጊዜ። አንደኛው የሒሳብ ሥራ፣ ሌላኛው የፍቅር ጉዳይ ነው ብዬ ለያይቼ አስባቸው ስለነበር፣ ዕዳውን ለመክፈል የወሰድኩት የመጀመሪያ እርምጃም ከዚሁ አስተሳሰብ የመነጨ ነበር።

በመግቢያው ግድግዳ ላይ የዕዳውን መጠንና የተከፈለውን የሚያሳይ ሰንጠረዥ ሰቀልኩ። በየእሑዱ ከስብከቱ በፊት ተነሥቼ ምን ያህል እንደቀረን እናገር ነበር፤ ቃል የገቡ ሰዎች ስማቸው ከነመጠኑ እንዲነበብም አደረግኩ። ሁለት ወር ያህል ገቢው ከፍ አለ፣ ከዚያም ወደ ነበረበት ተመለሰ። ይህን ያህሉን እንኳ መታገሥ ይቻል ነበር። ያልታገሥኩት ግን ለዓመታት ከፊት ሁለተኛው ረድፍ ላይ ይቀመጡ የነበሩ አንዲት እናት መቅረታቸው ነበር። ከአንድ ወር በላይ ሳይመጡ ሲቀሩ መጋቢያችን ሄጄ እንድጠይቃቸው ላከኝ። የታመሙ መስሎኝ ነበር። «ልጄ፣ ስም በሚጠራበት ቦታ ባዶ እጄን መቀመጥ አሳፈረኝ» አሉኝ። መዝገቡን ስመለከት በየሳምንቱ ሳያቋርጡ ሲሰጡ ኖረው ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ ማቆማቸውን ያሳያል፤ ለምን እንዳቆሙ ግን ሒሳብ የያዝኩት እኔም ሆንኩ ከአጠገባቸው የሚቀመጡት ሰዎች አናውቅም ነበር።

ከዚያ ቀን በኋላ የሜቶዲስት ሰዎች ይህን ጉዳይ ከመጀመሪያው እንዴት ይዘውት እንደነበር ለማወቅ ማንበብ ጀመርኩ፤ ያገኘሁትም ከእኔ ችግር ጋር እጅግ የተቀራረበ ነበር። እ.ኤ.አ. በየካቲት 1742 በእንግሊዝ አገር የብሪስቶል ከተማ የሜቶዲስት ማኅበር አባላት ለመሰብሰቢያ ቤታቸው የተበደሩትን ገንዘብ እንዴት እንደሚከፍሉ ለመምከር ተቀምጠው ነበር። እያንዳንዱ አባል በየሳምንቱ አንድ ፔኒ ያዋጣ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ፣ ብዙዎቹ ድኾች ስለሆኑ ይህን መስጠት አይችሉም የሚል ተቃውሞ ተነሣ። በዚህ ጊዜ ካፒቴን ፎይ የተባለ ሰው ከሁሉ ድኾች የሆኑትን ዐሥራ አንድ ሰዎች ለእርሱ እንዲሰጡት ጠየቀ፤ መስጠት ከቻሉ መልካም፣ ካልቻሉ ግን ከራሱ ጋር ስለ እነርሱም ይከፍላል፤ ሌሎችም እንዲሁ ዐሥራ አንድ ዐሥራ አንድ ጎረቤቶቻቸውን ይያዙ አለ። በዚህ መንገድ በየሳምንቱ ከቤት ወደ ቤት የሚዞሩት ሰዎች ገንዘቡን ሲሰበስቡ የእያንዳንዱን አኗኗርም ማየት ጀመሩ፤ የሜቶዲስት እንቅስቃሴ መሥራች ጆን ዌስሊ ይህን በሰማ ጊዜ ስንፈልገው የኖርነው ነገር ይህ ነው ብሎ ተቀበለው። የሜቶዲስት «ክፍል» የሚባለው ዐሥራ ሁለት ያህል ሰዎችን የሚይዝ ኅብረት የተወለደው እንግዲህ ከዕዳ ስብሰባ ነው።

ይህን ታሪክ ስሙን ብቻ ሳውቀው ኖሬያለሁ። ያላስተዋልኩት የፎይን ሁለተኛ ዐረፍተ ነገር ነበር። ፔኒውን መክፈል የማይችለው ሰው ከመዋጮው ነጻ ይሁን ብሎ ቢያልፈው ኖሮ ያ ሰው ከክበቡ ውጭ ይቀር ነበር፤ ይክፈል ብሎ ቢያስገድደውም እንደ እኒያ እናት በኀፍረት ይቀር ነበር። ፎይ ግን ድኻውን ሰው በስም ወስዶ ጉድለቱን በራሱ ላይ አደረገ፣ በየሳምንቱም በሩን አንኳኳ። እኔ በግድግዳ ላይ የሰቀልኩት ሰንጠረዥ የዕዳውን ጉድለት እንጂ የሰውን ጉድለት የሚያሳይ አልነበረም።

ሰንጠረዡን አወረድኩ፤ ስም የማንበቡንም ልማድ እንድናስቀር ለጉባኤው የሥራ አመራር አመለከትኩና ተፈቀደልኝ። ከዚያም አባላቱን ዐሥራ ሁለት ዐሥራ ሁለት አድርገን በክፍሎች ደለደልናቸው። እዚህ ላይ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቻችን ሰዎች ከሚቀርቧቸው ጋር እንዲሆኑ ፈለግን፤ ሌሎች ደግሞ በዕድሜና በኑሮ የተለያዩ ሰዎች አንድ ላይ እንዲሆኑ። ሁለተኛው ሐሳብ አሸነፈ፤ ዛሬ ላይ ሆኜ ስመዝነውም ከወሰንናቸው ውሳኔዎች ሁሉ የተሻለው እርሱ ነው፤ ምክንያቱም ያላቸው ካላቸው ጋር፣ የሌላቸው ከሌላቸው ጋር ቢሰበሰቡ ኖሮ ጉድለትን የሚሸፍን ሰው በሌለበት ክፍል ጉድለት ብቻ፣ በሌላው ደግሞ ትርፍ ብቻ ይከማች ነበር።

የክፍል መሪዎቹ በየሳምንቱ እያንዳንዱን አባል በቤቱ እንዲጎበኙ አቀድን። ሦስት ወር አልዘለቅንበትም። መሪዎቹ ጊዜ አጡ፣ አንዳንድ አባላት ከሌሎች ጋር በሚኖሩበት ቤት ስለ ራሳቸው በነጻነት መናገር አልቻሉም፣ በሁለት ሰዎች መካከል የተፈጠረ አለመግባባትም መሪው በተናጠል ሲሰማው እየተወሳሰበ ሄደ። በኋላ እንዳነበብኩት በብሪስቶልና በለንደን የነበሩትም ከሞላ ጎደል በእነዚሁ ምክንያቶች የቤት ለቤቱን ጉብኝት ትተው አባላቱ በሳምንት አንድ ጊዜ በአንድ ቦታ እንዲሰበሰቡ አድርገዋል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ መሪው በቤት የሚጎበኘው በስብሰባው ያልተገኘውን ሰው ብቻ ሆነ። መቅረት በዚህ መንገድ የመጀመሪያው የችግር ምልክት ሆነልን። ሰው ሲቸገር፣ ሲታመም ወይም ሲያዝን መጀመሪያ የሚያደርገው ዝም ብሎ መቅረት ነውና።

በክፍሉ ስብሰባ የሚደረገው ቀላል ነው። እያንዳንዱ ሳምንቱ እንዴት እንዳለፈ፣ እምነቱ የት እንደበረታና የት እንደደከመ ይናገራል፤ መናገር የማይፈልግ ዝም ይላል። ጸሎት ይደረጋል። ከዚያ መባው በታሸገ ፖስታ ይሰበሰባል፤ ሁሉም ሰው፣ የሚሰጠው ያለውም የሌለውም፣ ፖስታ ይሰጣል። ባዶ ፖስታ የሰጠ ሰው ማን እንደሆነ በክፍሉ ውስጥ የሚታወቅበት መንገድ የለም። በፖስታው ውስጥ «በዚህ ሳምንት ልሰጥ አልቻልኩም» ወይም «እርዳታ ያስፈልገኛል» የሚል ቁራጭ ወረቀት ማስገባትም ይቻላል፤ ይህን ወረቀት የሚያነብቡት ቆጣሪዎቹ ሲሆኑ የሚያስተላልፉትም ለመጋቢውና ለእኔ ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሞን አንድም ወረቀት አልገባም። ከወራት በኋላ ሲገባ ግን የተጻፈው ነገር ለዓመታት ሲታመቅ የኖረ መሆኑን አየን።

ስለ ቆጠራው አጭር ነገር ልበል፤ ቀላል ቢመስልም ጉባኤዎችን የሚያፈርሰው ከዚህ የሚጀምር ጥርጣሬ ነውና። ዝምድና የሌላቸው ሁለት ሰዎች አብረው ይቆጥራሉ፣ ሁለቱም ይፈርማሉ፣ በየወሩም ይቀየራሉ። እኔ የቆጠርኩትን ገንዘብ እኔው አልመዘግብም። በየሦስት ወሩ ጠቅላላ ገቢው፣ ለሕንፃውና ለአገልጋዮች የወጣው፣ ለችግረኞች የወጣው፣ ከጉባኤው ውጭ ለተልእኮ የተላከው ተለይቶ ለሁሉም ይነበባል፤ የሰጪ ስምም ሆነ የተቀባይ ስም ግን አይጠራም። በቅዱስ ቁርባን ዕለት የሚሰበሰበው መባ ለችግረኞች ብቻ እንዲውልም ወሰንን።

አሁን በጣም ወደምጸጸትበት ነገር ልምጣ። በሁለተኛው ዓመት አንድ ወንድም ሥራውን አጥቶ ችግሩን ለክፍሉ መሪ ነግሮት ነበር። መሪው ለእኔ ነገረኝ፤ እኔም ክፉ ሳላስብ በእሑዱ ጸሎት ጊዜ እንድንጸልይለት ስሙን ጠርቼ ምክንያቱን ተናገርኩ። ጉባኤው በሙሉ ልቡ ጸለየ፣ ብዙ ሰውም ገንዘብ አመጣ። እርሱ ግን በሚቀጥለው እሑድ አልመጣም፣ ከዚያም በኋላ ለረጅም ጊዜ አልመጣም። ቤቱ ሄጄ ይቅርታ ስጠይቀው የልጆቹ ጓደኞች ልጆቹን ስለ አባታቸው እንደጠየቋቸው ነገረኝ። ዌስሊ በ1747 ለገንዘብ ኀላፊዎች ከሰጣቸው ደንቦች መካከል፣ ድኻውን መርዳት ባትችሉ እንኳ አታሳዝኑት፣ ሌላ ባይኖራችሁ ለስላሳ ቃል ስጡት፣ ባዶ እጁን ቢመለስም እንኳ በመምጣቱ ደስ እንዲለው አድርጉ፣ ራሳችሁንም በእርሱ ቦታ አስቀምጡ የሚል ሐሳብ ይገኛል። እኔ ገንዘብ ሰጥቼ አሳዘንኩት። ከዚያ ወዲህ የማንም ችግር ከራሱ ፈቃድ ውጭ ከሁለት ሰው በላይ እንዳይሻገር ደንብ አወጣን፤ መሪዎች ሲመረጡም ይህን ደንብ በጉባኤው ፊት እንዲቀበሉ እናደርጋለን።

ሌላው ሙከራችን አነስተኛ የብድር ገንዘብ ነበር። ዌስሊ በ1746 በለንደን በ30 ፓውንድ ያህል መነሻ ለችግረኞች ጥቂት ጥቂት ገንዘብ በብድር ይሰጥ እንደነበር፣ ተበዳሪውም በሦስት ወር ውስጥ በየሳምንቱ ከፋፍሎ ይመልስ እንደነበር፣ በአንድ ዓመትም 250 ሰዎች በዚያው ገንዘብ እንደተረዱ ማንበቤ አበረታቶኝ ነበር። የእኛ የመጀመሪያ ሙከራ ግን አልተሳካም፤ ስሕተቱም የተበዳሪዎቹ አልነበረም። ምግብ ለቸገረው ሰው ስጦታ መስጠት ሲገባን ብድር ሰጠነው፤ ባልመለሰ ጊዜም ዕዳው ከኅብረቱ አራቀው። አሁን ለዕለት ችግር ስጦታ ብቻ እንሰጣለን፤ ብድር የምንሰጠው አንድ ሰው ሥራ ለመጀመር ወይም የሥራ መሣሪያ ለመግዛት ሲፈልግና የክፍሉ መሪ አብሮት ሲያቅድ ብቻ ነው። ያልተመለሰ ብድር ካለም ከስድስት ወር በኋላ በጸጥታ ወደ ስጦታ ይዛወራል። ለጥንቃቄ የሚያስቡ ወንድሞች ይህን ተቃውመው ነበር፤ እኔ ግን የጠፋ ገንዘብ ይመለሳል፣ በዕዳ ምክንያት የጠፋን ሰው መመለስ ግን ከባድ ነው በሚለው አቋሜ ጸንቻለሁ።

ባለጸጎቹስ? ስለ እነርሱ ብዙ ጊዜ አይጻፍም። ከአባላቶቻችን አንዱ ብዙ ይሰጥ ነበር፤ በሚሰጠው መጠንም ቃሉ እንዲሰማ ይጠብቅ ነበር። የስም ንባቡ ሲቀር ከሁሉ በላይ ያዘነው እርሱ ነው። የለወጠው ክርክር አልነበረም፤ በክፍሉ ውስጥ ካፒቴን ፎይ ያደረገውን እንዲያደርግ መጋቢያችን ለብቻው ጠየቀው። በክፍሉ መስጠት የማይችሉ አራት ሰዎች ነበሩ፤ ስለ እነርሱ በየሳምንቱ በራሱ ፖስታ ውስጥ ይጨምር ጀመር፣ እነማን እንደሆኑ ግን አይነገረውም። ዌስሊ በአንድ ስብከቱ የሚጠቅሰውን በኦክስፎርድ የነበረ ሰው፣ ብዙዎች ራሱ ዌስሊ ነው የሚሉትን፣ ይህ ወንድም በክፍሉ ውስጥ ደጋግሞ ያነሣዋል፤ ያ ሰው በዓመት 30 ፓውንድ ሲያገኝ በ28 ኖሮ 2 ሰጠ፣ በቀጣዩ ዓመት 60 ሲያገኝ አሁንም በ28 ኖሮ 32 ሰጠ፣ 90 ሲያገኝ ደግሞ 62። ገቢ ሲጨምር ኑሮ ሳይጨምር መቅረቱ ሊለመድ የሚችል ነገር መሆኑን ከእኔ ይልቅ እርሱ ሲናገረው ይሰማል።

በዓመት ሁለት ጊዜ የፍቅር ማዕድ እናደርጋለን። የቀደሙት ሜቶዲስቶች ሞራቪያውያን ከሚባሉት ፕሮቴስታንት ክርስቲያኖች የተቀበሉት ይህ ሥርዐት ቁርባን አይደለም፤ ዳቦና ውሃ እየተካፈሉ እያንዳንዱ እግዚአብሔር ያደረገለትን የሚናገርበት ነው። ዳቦውን የሚያዞሩት በዚያ ዓመት እርዳታ የተቀበሉ ይሁኑ የሰጡ ማንም አይለይም። ባለፈው ጊዜ ያ ሥራ ያጣው ወንድም ከሦስት ዓመት በኋላ መጥቶ ከኋላ ተቀምጦ ነበር። አልተናገረም። ዳቦው ሲደርሰው ቆርሶ ለአጠገቡ ሰው አሳለፈ።

የጣሪያው ዕዳ ባለፈው ዓመት ተከፍሎ አልቋል። የሥራ አመራሩ ክፍሎቹ መዋጮ መሰብሰባቸውን ያቁሙ ወይስ ይቀጥሉ ብሎ ሲጠይቅ፣ መሪዎቹ ሁሉም እንቀጥል አሉ። ሁለተኛው ረድፍ ላይ የሚቀመጡት እናት አሁን የክፍላቸውን የጉብኝት ደብተር ይይዛሉ፤ በየሦስት ወሩ ሪፖርቴን ከማዘጋጀቴ በፊት ያልተገኙትን ሰዎችና ማን እንደጎበኛቸው ያነብቡልኛል፣ እኔም ከገቢና ከወጪው አስቀድሜ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እጽፈዋለሁ።